የጃርት እሾህ በቆቃ ውኃ ላይ

ከውኃው በላይ የቀረችው የገብስ ፍሬ ታህላለች። ነጭ ናት። ከሥሯ ጥቁር ቀለበት አለ። ጥቁሩ ውኃ ውስጥ ጠለቅ ካለ ወይም ድንገት ብቅ ካለ ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ መጥታለች፤ ባለበት ከቆየ ገና ናት። ከዓለም ጤና ከተማ ወጣ ብሎ በቆቃ ሐይቅ ዳር የተቀመጡት ሽማግሌ አጥማጅ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዓይናቸውን ከዚህች ነጥብ አላነሱም። እኔም ከጎናቸው ቁጢጥ ብዬ ሳያት፣ ትንሽ ቆይቶ ሐይቁም፣ ማዶ ያለው ተራራም፣ የአባ ኮዳው መንጋም ከዓይኔ ጠፋ። የቀረችው እርሷ ብቻ ነበረች።

ነጥቧ የጃርት እሾህ ጫፍ ናት። ሹሩባ ሠሪዎች ፀጉር የሚከፍሉበት ዓይነት፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ እሾህ። ውስጡን የደረቀ አገዳ የመሰለ ቀላል ነገር ስለሞላው አይሰጥምም፣ ውኃም አይጠጣም። ተፈጥሮ ነጭና ጥቁር እያፈራረቀች ስለቀባችው ደግሞ በደፈረሰው የቆቃ ውኃ ላይ እንደ ማስመሪያ ይነበባል። ሽማግሌው ቀለም አልቀቡትም። "የተቀባ ነገር ምን ያደርጋል፣ እግዜር ቀብቶት የለ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ወደ ዓለም ጤና የሄድኩት ለለቅሶ ነበር። በሦስተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ "ጋሼን ሳታይማ አትመለስም" ብሎ ሌሊት ቀሰቀሰኝና ወደ ሽማግሌው ይዞኝ ወረደ። ዓሣ ማጥመድ አይቻለሁ ብዬ አስብ ነበር። ሐዋሳም፣ ዝዋይም፣ ባሕር ዳርም ቆሜ አይቻለሁ። ያየሁት ግን ዓሣ ሲወጣ ነው፤ ዓሣው ከመውጣቱ በፊት ያለውን ሥራ አላየሁም።

ዘንጉን ላስቀድም። ሸምበቆ ነው፣ ርዝመቱ ከሰው ቁመት እጥፍ ጥቂት ቢያንስ ነው። ሽማግሌው የሚቆርጡት ዝናቡ ቆሞ ተክሉ ከጠነከረ በኋላ ነው። ጥላ ውስጥ ጫፉን ወደ ታች አድርገው ይሰቅሉታል፤ ከጫፉ ላይ ድንጋይ ያስሩበታል። ሲደርቅ ግን እንደዚያም ሆኖ አይቀናም፤ ሸምበቆ በየአንጓው የራሱ ጠባይ አለው። ስለዚህ የከሰል ፍም ያዘጋጁና አንጓውን ቅቤ ቀብተው ከፍሙ በላይ ያዞሩታል፣ ያዞሩታል። እንዳይቃጠል፣ እንዳይሰነጠቅ። ሲለሰልስ ጉልበታቸው ላይ ያሳርፉና በሁለት እጃቸው ጫን አድርገው እስኪበርድ ድረስ ይይዙታል። ከዚያ ወደሚቀጥለው አንጓ። የያዙት ዘንግ 14 አንጓ ነበረው። ከመያዣው በኩል አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ጫፉ ስመለከት እንደ ተወጠረ ክር ነበር።

ይህን የት እንደተማሩ ስጠይቃቸው ጥያቄው ራሱ ገረማቸው። የእረኛ ልጅ ናቸው። እረኛ ዱላውን የሚያቀናው በዚሁ መንገድ ነው፦ በእሳት፣ በቅቤ፣ በጉልበት። የቆቃ ነገር የሚደንቀኝ እዚህ ላይ ነው። ሐይቅ ይባል እንጂ ቆቃ የሰው እጅ ሥራ ነው። አዋሽ የተገደበው ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ ነው፤ ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ 43.2 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ ተደረገ። ውኃው የተኛበት ሜዳ የጅሌ ኦሮሞ ከብቶች የሚሰማሩበት ግጦሽ ነበር። ከመቂ አልፎ ባለው የዝዋይ ሐይቅ፣ በደሴቶቹ ላይ የሚኖሩት ዛዮች ዓሣ ማስገርን ከአያት ቅድመ አያት ወርሰውታል። እዚህ ግን የሚወረስ አልነበረም። ከብት ያረባ የነበረ ሕዝብ አንድ ቀን ማለዳ ሲነሳ ከደጁ ውኃ አገኘ። ሙያውን ከእጁ ካለው ነገር መሥራት ነበረበት፤ ሠራውም። ዱላ የሚያቀናው እጅ ዘንግ አቀና። አንድ የሰው ዕድሜ በማይሞላ ጊዜ እዚህ ደረጃ መድረሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አንጓዎቹ በጠርሙስ ስባሪ ተፍቀው ለስልሰዋል። ዘንጉ ወደ ጫፉ ከስንዴ አገዳ ብዙም አይወፍርም፤ እዚያ ላይ እንዳይሰነጠቅ በክር ተጠምጥሟል። ክሩ የሸማ ክር ነው፤ ውኃ እንዳያበሰብሰው በጧፍ ሰም ታሽቷል። ጎንበስ ብዬ ዙሩን ቆጠርኩ፤ 26 ነው። አንዱ በአንዱ ላይ አልወጣም፣ በአንዱና በአንዱ መካከልም ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት የለም። መጨረሻው የት እንደታሰረ ፈልጌ አጣሁት። ሽማግሌው ፈገግ አሉና አሳዩኝ፦ የክሩ ጫፍ በራሱ ዙሮች ሥር ገብቶ ተስቦ ተቆርጧል። ቋጠሮ የለውም፤ ስለዚህ የሚያጠምዱበት የናይለን ገመድ የሚያዝበት ነገር የለም።

እሾሁን በናይለኑ ላይ የያዙት ሁለት ጠባብ የላስቲክ ቀለበቶች ናቸው፤ ከብስክሌት ካላማዳሪ በመቀስ የተቆረጡ። ቀለበቶቹን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በማንሸራተት መንጠቆው የሚወርድበትን ጥልቀት ይወስናሉ። ከሥር ያለው እርሳስም ከዚያው ከመንገድ ዳር የመጣ ነው። ዓለም ጤና የመኪና መንገድ ከተማ ናት፤ ጎሚስታ አይጠፋባትም። ጎሚስታ ጎማ ሲያመዛዝን ነቅሎ የሚጥለውን እርሳስ ሽማግሌው ይለቅሙና በመዶሻ እየቀጠቀጡ እንደ ወረቀት ያሳሱታል። ከዚያ በቀጭን በቀጭኑ ይቆርጡና እንደ ሲጋራ ወረቀት በናይለኑ ላይ ይጠቀልሉታል።

ሥራው የሚፈተነው እዚህ ነው። እርሳሱ ከበዛ እሾሁ ይሰጥማል። ካነሰ ብዙ ወጥቶ ይቆማል፤ ዓሣዋ ልትስበው ስትል ይከብዳትና ትተወዋለች። ሽማግሌው ዳር ላይ ተንበርክከው እሾሁን ውኃ ላይ ያሳርፉታል፤ ያያሉ፣ ያወጡታል፤ ከእርሳሱ በመቀስ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ይቀንሳሉ፤ እንደገና ያሳርፉታል። ሰባት ጊዜ ሲመላለሱ ቆጥሬአለሁ። በሰባተኛው ያች የገብስ ፍሬ ብቻ ቀረች። ከዚህ በኋላ አንድ ቆሮሶ እንኳን ስትስበው፣ ስትተነፍስበትም ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? መልሱ ዓሣዋ ናት። አምባዛ ቢሆን ሲጎርስ ይታወቃል፤ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። የቆሮሶ ዋና ምግቧ ግን ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው፣ ለዓይን የማይታየው አልጌ ነው። ነገር ነክሳ የምትጎትት አይደለችም። ትስባለች፣ ትቀምሳለች፣ ካልጣማት መልሳ ትተፋለች፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን እስኪርገበገብ ነው። በወፍራም ገመድና በትልቅ ተንሳፋፊ የሚያጠምድ ሰው ቀኑን ሙሉ ስትቀምስበት ውላ አንዷንም ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይገባል።

ማጥመጃ ምግቡ ሊጥ ነው፣ ግን ሊጥ ብቻ አይደለም። ውስጡ የተባዘተ ጥጥ አለ። ሽማግሌው ከጥጡ ጥቂት ጭረት ብቻ ይነጩና ከሊጡ ጋር እያሹ ያዋህዱታል፤ ጥጡ ሊጡን ስለሚይዘው ውኃ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም። ከዚያ በሁለት ጣታቸው መካከል አድቦልቡለው ምስር አሳክለው መንጠቆው ላይ ያስቀምጡታል። የመንጠቆው ጫፍ ከሊጡ እንዲወጣ ይተዉታል። ያ ጫፍ ስለቱ የሚፈተነው በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ነው፦ ቀስ ብሎ ሲጎተት ከተንሸራተተ ይሳላል፤ ጥፍሩን ከያዘ ይበቃዋል። ናይለኑን መንጠቆው ላይ ሲቋጥሩ ደግሞ ከመጥበቁ በፊት በምራቃቸው ያርሱታል። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይሞቃል፤ የሞቀበት ቦታ ትልቅ ዓሣ የመጣ ዕለት ይበጠሳል።

እንዲህ ሳየው ቆይቼ እሾሁ ተነቃነቀ ለማለት አፌን ስከፍት ዘንጉ ተነስቷል። ክንዳቸው አልተንቀሳቀሰም፤ የእጃቸው አንጓ ብቻ ወደ ላይ እጥፍ አለች። የሸምበቆው ጫፍ ጎብጦ ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌው አልጎተቱም። ዘንጉን ቀና አድርገው ያዙና ድካሙን ለሸምበቆው ተዉለት፤ ዓሣዋ በሄደች ቁጥር ይጎብጣል፣ ባረፈች ቁጥር ይመልሳታል። ዳር ስትደርስ መዳፋቸውን ከራሷ ጀምረው ወደ ጅራቷ አንሸራተቱት፤ የጀርባዋ እሾህ ተኛ። ጀማሪ ከጅራቷ በኩል ይይዛትና እጁን ያደማል። መንጠቆው ከላይኛው ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ነበር። ወደ ገባበት መልሰው በጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ወጣ። ከስፌት መርፌ የማይበልጥ ቀዳዳ ብቻ ቀረ።

የቆሮሶ እናት ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ወንዱ ከሐይቁ ወለል ጎድጓዳ ይቆፍራል፤ እርሷ ዕንቁላሏን እዚያ ጥላ ወዲያው ትለቅመዋለች። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ይመለሳሉ። በዚያ ጊዜ አትበላም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሊጥም ሆነ ትል አትነካም፤ መንጠቆ አያገኛትም። የመንጠቆ ሥራ ከየትኛውም ማጥመጃ ይልቅ በዓይኔ የከበረው ይህን ስረዳ ነው። ልጆቿን በአፏ የያዘችውን እናት ማንም ሳያዝዘው ያሳልፋታል። መረብ ግን አይጠይቅም።

መረብን ላጥላላ አልተነሳሁም። ከእኛ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ጎልማሳ የተቀደደ መረብ ዘርግቶ ይጠግን ነበር፤ ሌሊት ጉማሬ አልፎበታል። የእርሱም እጅ የሚያስቀና ነው። የእንጨት መስፊያውን በአንዱ ዓይን አስገብቶ በሌላው ሲያወጣ፣ እያንዳንዷን ቋጠሮ በትንሽ ጣቱ ወጥሮ ሲያስራት፣ አዲሱ ዓይን ከአሮጌው በመጠን አይለይም። ሥራው እጅግ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በያኔዋ ፊንላንድ፣ ዛሬ የሩሲያ ግዛት በሆነው የካሬሊያ ምድር ከረግረግ ሥር የወጣ መረብ 10,000 ዓመት ያህል ያስቆጠረ ነው። ከአኻያ ልጥ የተሠራ ሲሆን ከቅርፊት የተቆረጡ ተንሳፋፊዎችና የድንጋይ ክብደቶች አብረውት ተገኝተዋል። የሽማግሌው የጃርት እሾህና የጎሚስታ እርሳስ ያኔም ነበሩ ማለት ነው፤ ስማቸው ብቻ ሌላ ነበር። የምጣላው ዓይኑ ከጠበበ መረብ ጋር ነው። ያ ጥበብ አይፈልግም፤ ጣት የምታህለውን ጫጩት ከነእናቷ ጠርጎ ያወጣል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጠባቡ መረብ ግን አሁንም ሐይቁ ውስጥ ነው።

ዳር ላይ አራት ነበሩ። ሽማግሌው፣ የአክስቴ ልጅ፣ ዝምተኛ የሆነ አንድ የጋሪ ነጂ፣ እና 18 ዓመት የማይሞላው አንድ ወጣት። በመካከላቸው የዘንግ ርዝመት ያህል ይራራቃሉ። ጥላቸው ውኃው ላይ እንዳያርፍ ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር ቦታ ይቀይራሉ። ወሬ አለ፣ ግን በሹክሹክታ ነው፤ እግር መሬት አይመታም። እንቦጭ በቆቃና በአዋሽ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ዛሬ ዳሩን በብዙ ቦታ ሸፍኖታል። አጥማጆቹ በእንቦጩ መካከል ምጣድ የምታህል ክፍት ቦታ ይፈልጉና እሾሁን ልክ እዚያ ላይ ያሳርፉታል። ወጣቱ በዚህ ከሁሉም ይበልጣል። ዘንጉን ወደ ኋላ አይወረውርም፤ ናይለኑን በግራ እጁ ይዞ ሸምበቆውን ያጎብጥና ይለቀዋል፤ ሊጡ ውኃውን ሲነካ ድምፅ የለውም።

የዚያን ዕለት ትልቁን ነገር ያሳየኝም ወጣቱ ነው። ሊጡ ሲያልቅበት ከአሮጌ ሹራብ አረንጓዴ ክር መዝዞ ፈታው፤ ጥቂት ጭረት መንጠቆው ላይ ጠመጠመና ጫፋቸውን ለቀቃቸው። ውኃ ውስጥ ሲገቡ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውን አረንጓዴ ልጋግ መሰሉ። "ዓሣዋ የምትበላው ይሄን አይደል?" አለ። ከአንድ ሰዓት የማያንስ ጠበቀ፤ ከዚያ አንዲት ቆሮሶ አወጣ።

ይህ ልጅ በዓለም ላይ በላባና በክር ዝንብ አስመስሎ ማጥመድ የሚባል ሙያ እንዳለ ሰምቶ አያውቅም። ከ1,800 ዓመት በፊት የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ኤሊያን በመቄዶንያ ወንዝ ዳር ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ ጨምረው ሲያጠምዱ መስማቱን ጽፏል። በእኛም አገር በባሌ ተራሮች በዌብና በዳንካ ወንዞች፣ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀውን ትራውት በዚያው ዘዴ የሚያጠምዱ እንግዶች ይመጣሉ። በደቡባዊው አፍሪካ ደግሞ የቆሮሶን ዘመዶች "ብሪም" ብለው ይጠሯቸዋል፤ በላባና በክር የሚያጠምዷቸውም አሉ። ለእንግዶቹ ዘንጉም፣ ክሩም፣ ላባውም በፋብሪካ የተሠራና ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ነው። የዓለም ጤናው ልጅ ግን ከሹራብ ክር፣ ዓሣዋ ምን እንደምትበላ አይቶ፣ ከራሱ ጭንቅላት አወጣው። ይህን ለወጣቱ ስነግረው ሽማግሌው ሰምተው "እንግዲህ መቄዶንያም እንደ እኛ ሰው አለ" አሉ።

4 ሰዓት ገደማ ነፋሱ ተነሳ። ውኃው ሲቆራረጥ የገብስ ፍሬዋ አትታይም፤ ሥራው አለቀ። ሽማግሌው ናይለኑን በቀርከሃ ቁራጭ ላይ ጠቀለሉ፣ እሾሁን በጨርቅ አድርቀው በባዶ የክብሪት ሳጥን ውስጥ በሰያፍ አስገቡት፣ ዘንጉን በቅቤ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች አሹት። 11 ቆሮሶ ነበራቸው፤ ከመዳፋቸው የምታንስ አንዲትም የለችም። ሁለቱን ለጋሪ ነጂው ሰጡት፤ እርሱ የያዘው አልነበረም። ሲቀበል አላመሰገነም፣ እርሳቸውም አልጠበቁም፤ ነገ እርሱ ለእርሳቸው ሊሰጥ ይችላል። የቀረውን ወጣቱ ስንጥባቸው ላይ ገመድ አሳልፎ ወደ አስፋልቱ ይዞት ወጣ። ሁዳዴ ነበር፤ በጾም ዓሣ የሚፈልግ መኪና አይጠፋም።

ከሞጆ ወደ መቂ ስትወርዱ እንደ እርሱ ያሉ ልጆች የዓሣ ገመዳቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩአችኋል። ቁሙ። ከመስኮት ሆናችሁ ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ውረዱና ዓሣዋን በእጃችሁ ያዙ። ከመዳፋችሁ ካነሰች መልሱላቸው፤ እንዲህ ያለውን የሚገዛ ከጠፋ ጠባቡን መረብ የሚዘረጋም ይቀንሳል። ከራሷ ኋላ ዙሪያዋን የክር ሰንበር ካለባት በመረብ የመጣች ናት። ሰንበር ከሌለባትና በላይኛው ከንፈሯ ጠርዝ ላይ መርፌ የወጋው የመሰለች አንዲት ቀዳዳ ካለች ግን፣ ከዚያች ቀዳዳ ጀርባ በእሳት የቀና ሸምበቆ፣ በጧፍ የታሸ ክርና ሰባት ጊዜ የተመዘነ እርሳስ አለ። የተጠየቃችሁትን ሳትከራከሩ ክፈሉ።